ተንኮሉ ዓይን ላይ ይሁን

እንደምን ዋላችሁ ወዳጆቼ! ዛሬ በዚህ አሮጌ ሳሉን (መጠጥ ቤት) ውስጥ የምናነሳው ፎቶ የካውቦይ ፊልም እንዲመስል፣ ጨዋታም እንዲኖረው እንፈልጋለን። ከመጀመራችን በፊት ጥቂት ላውራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1900 ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ውስጥ አምስት ሰዎች ፎቶ ቤት ገቡ። ሙሉ ልብስ ግጥም አድርገው፣ ክብ ኮፍያ ደፍተው፣ ሦስቱ ተቀምጠው ሁለቱ ከኋላ ቆመው ተነሱ። ያያቸው ሁሉ የተከበሩ ነጋዴዎች ነው የሚላቸው። ቡች ካሲዲና ሰንዳንስ ኪድ ከነግብረ አበሮቻቸው ናቸው፤ የባንክና የባቡር ዘራፊዎች! ፎቶው በኋላ ፒንከርተን የተባለው የግል መርማሪ ድርጅት እጅ ገባና እነሱኑ ማደኛ ሆነ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። እነዚያ ሽፍቶች አንድም ሽጉጥ አላሳዩም። ጨዋታው ሁሉ አለባበሳቸውና አቀማመጣቸው ላይ ነው።

እኛም እንዲሁ እናድርግ። ሦስታችሁ ካርታ ትጫወታላችሁ። አንዱ እጅጌው ውስጥ ካርታ ይደብቃል። አጠገቡ ያለው አይቶ እንዳላየ ይሆናል። ባንኮኒው ጋ ያለችው ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታ ሁለቱንም በመስታወቱ ታያቸዋለች። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ካሜራውን ማንም እንዳያይ፤ አንድ ሰው ካየ ሁሉም ነገር ይበላሻል።

መስታወቱ ያስቸግራል። ፊት ለፊት ከቆምኩ እኔም ፎቶው ውስጥ እገባለሁ። ስለዚህ ከጎን፣ በባለጌ ወንበሩ ቁመት ልክ ዝቅ ብዬ አነሳለሁ። የጣሪያው ነጭ መብራት ይጥፋልን። የመስኮቱ ብርሃንና ከጠረጴዛው በላይ ያለችው አምፖል ይበቁናል። ብርሃኑ ስለሚያንስ ካሜራው ቀስ ይላል፤ ስቆጥር እንዳትነቃነቁ።

ፎቶው ከጭን በላይ ነው የሚሆነው። የካውቦይ ፊልሞች እንዲህ የሚያነሱት የሽጉጡ ቀበቶ እንዲታይ ነው። የእኛም ቀበቶ ይታያል፣ የሽጉጡ ማህደር ግን ባዶ ነው። በዚህ አልደራደርም። እ.ኤ.አ. በ2021 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የካውቦይ ፊልም ልምምድ ላይ ከሽጉጥ በወጣ ጥይት የካሜራ ባለሙያዋ ሃሊና ሃቺንስ ሞታለች። ለሥራዋ ወጥታ አልተመለሰችም። «ጥይት የለውም» ቢባል እንኳ እውነተኛ መሣሪያ እዚህ አይገባም።

መለኪያው ውስጥ ያለው ሻይ ነው፤ ሳትፈሩ ጠጡት። በሉ፣ ኮፍያ ኮፍያችሁን አንሱ። ካርታውን የሚደብቀው ማነው?