የሰው ኮድ ስትወስዱ ከማን እንደሆነ እወቁ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከጎንደርና ከአካባቢው በስልክ የገቡ ጥያቄዎች ናቸው። ርዕሳችን ፕሮግራመሮች ሌሎች ሰዎች ጽፈው ያስቀመጧቸውን ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) እንዴት ይጠቀሙ የሚል ነበር። የአየር ሰዓቱ ስላልበቃን ያልመለስኳቸውንም ጨምሬ እዚህ ጽፌያቸዋለሁ።

ከማራኪ፦ መምህር፣ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ፓይተን እየተማርኩ ነው። የትኞቹን ላይብረሪዎች ልወቅ?

መጀመሪያ ፓይተን ራሱ ይዞት የሚመጣውን እወቅ። የሲኤስቪ ፋይል ማንበብ፣ ጄሶን የሚባለውን የዳታ አጻጻፍ መፍታት፣ ኤስኪውላይት ዳታቤዝ መክፈት፣ ይሄ ሁሉ ምንም ሳትጭን አብሮ አለ። ብዙ ተማሪ ለሦስት መስመር ሥራ አምስት ፓኬጅ (ታሽጎ የሚወርድ ላይብረሪ) ሲጭን አያለሁ። ከዚያ ቀጥሎ ከኢንተርኔት ዳታ ለመጥራት ሪኩዌስትስ፣ ሰንጠረዥ ለመሥራት ፓንዳስ፣ ኮድህን ለመፈተሽ ፓይቴስት ይበቁሃል። የመመረቂያ ፕሮጀክትህ ዌብሳይት ከሆነ ጃንጎ ወይም ፍላስክ ጨምር። ስትጭን ስሙን ፊደል በፊደል አንብብ፤ የቨርዥኑን ቁጥር ቆልፍ፣ ማለትም ሳታውቀው እንዳይቀየር ቁጥሩን ወስነህ ጻፍ። ይህችን ነገር ዛሬ ደጋግሜ ስለምላት ታገሱኝ።

ከአዘዞ፦ ላይብረሪና ፍሬምወርክ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ላይብረሪን አንተ ትጠራዋለህ፤ ፍሬምወርክ (እንደ ጃንጎ ያለ ዝግጁ መዋቅር) ግን የአንተን ኮድ ይጠራዋል።

ከአራዳ፦ ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ሲስተም እየሠራሁ ነው። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስቀይር ከጃንዋሪ ጀምሮ ዓመቱ ይሳሳትብኛል። ላይብረሪ አለው?

እህቴ፣ ዓመቱን ሙሉ 7 እየቀነስሽ ይመስለኛል። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ነው። ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8። ያም ብቻ አይደለም። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ ያኔ አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ላይ ይውላል። ይሄን በእጅሽ አትጻፊው።

የዩኒኮድ ድርጅት የሚያወጣው አይሲዩ የሚባል ላይብረሪ የእኛን አቆጣጠር ያውቃል። በጃቫ ከሆነ አይሲዩ4ጄ አለልሽ፤ ጆዳ ታይምም ይችላል። በጃቫስክሪፕት ከሆነ ጭራሽ መጫን አያስፈልግም። ብራውዘሩ ውስጥ ያለውን ኢንትል የሚባል የቀን ማሳያ «ኢትዮፒክ» ብለሽ ካዘዝሽው ቀኑን ያሳይሻል። ማሳየት እንጂ መልሶ መቀየር ግን አይችልም። ዳታቤዙ ውስጥ ሁልጊዜ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አስቀምጪ፤ የእኛን ስክሪን ላይ ብቻ አሳዪ። መፈተሻ ከፈለግሽ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ሞክሪ። በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 መሆን አለበት። ይሄን ያላለፈ ኮድ ክሊኒክ አይግባ።

ሰዓቱን ደግሞ አትርሺ። ላይብረሪዎቹ ቀኑን እንጂ ሰዓቱን ወደ እኛ አይቀይሩልሽም። ነፍሰ ጡር እናት «ቀጠሮዎ 8:00 ነው» የሚል ኤስኤምኤስ ከደረሳት ከምሳ በኋላ ነው የምትመጣው። ሐኪሙ ደግሞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይጠብቃታል። ስለዚህ «ጠዋት 2 ሰዓት» ብለሽ ጻፊላት።

ከፒያሳ፦ ዳታ ውድ ነው፣ ኔትም ይቆራረጣል። ስለዚህ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎች የሚቀመጡበትን ኖድ ሞጁልስ ፎልደር ከጓደኛዬ በፍላሽ እወስዳለሁ። የሚሸጡ ፕለጊኖችንም ክራክ የተደረገውን (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረውን) ከቴሌግራም አወርዳለሁ። እስካሁን ምንም አልሆንኩም። ችግር አለው?

አለው፣ ወንድሜ። በጣም አለው። ይሄን ጥያቄ በሄድኩበት ስለምሰማው ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

«እስካሁን ምንም አልሆንኩም» ካልከው ልጀምር። በምን አወቅህ? የሚሰርቅ ኮድ ስክሪን ላይ ወጥቶ ሰላም አይልህም። ሥራህ እየሠራ፣ ገጽህ እየተከፈተ፣ እሱም ከጎን የራሱን ይሠራል።

ላይብረሪ ስትጭን የሆነ ጥግ ላይ ታጥሮ የሚቀመጥ እንዳይመስልህ። በአንተ መብት ነው የሚንቀሳቀሰው። አንተ መክፈት የምትችለውን ፋይል ሁሉ እሱም ይከፍታል። የዳታቤዝ ፓስወርድህ፣ የቴሌብር ክፍያ ቁልፍህ፣ የሰርቨር መግቢያህ፣ ሁሉም ፊቱ ነው። በኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ መጫኛ) የሚመጣ ፓኬጅ እንዲያውም ገና ሲጫን፣ አንድ መስመር ሳትጠራው፣ ትእዛዝ ማስኬድ ይችላል።

በዋናው መንገድ የሚመጣው ራሱ ስንት ጉድ አለበት። በፈረንጆቹ 2018 ኢቨንት ስትሪም የሚባል፣ በሳምንት ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይወርድ የነበረ ላይብረሪ ነበር። ባለቤቱ ሲደክመው «ላግዝህ» ላለው ለማያውቀው ሰው አስረከበው። ያ ሰው አንዲት ትንሽ ፓኬጅ ጨመረበት። የፓኬጇ ሥራ ኮፔይ ከሚባል የቢትኮይን ዋሌት ገንዘብ መስረቅ ነበር። ሰው ሳያውቅ ለሳምንታት ሲያወርዳት ቆየ።

በማርች 2024 የተገኘው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ኤክስዜድ የሚባለው ፋይል መጭመቂያ ብዙ የሊኑክስ ማሽን ላይ አለ። አንድ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት እየሠራ አመኔታ አገኘና የኋላ በር (ስውር መግቢያ) ከተተበት። የተያዘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ወደ ማሽኑ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበትና «ለምን?» ብሎ ስለቆፈረ ብቻ ነው። ያን በር የሚያስነሳው ቁራጭ ደግሞ ሰው ሁሉ በሚያነበው ኮድ ውስጥ ሳይሆን ለማውረድ በተዘጋጀው ጥቅል ፋይል ውስጥ ነበር።

እንግዲህ ይሄ የሆነው በዓለም ሁሉ ዓይን ፊት ነው። የቴሌግራሙን ዚፕ ማን አየው? አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ክራክ አድርጎ፣ ፋይል ጭኖ፣ በነጻ ሲሰጥህ ምን አገኝ ብሎ ነው? ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የአንተን ሳይት ነው። አፕዴትም የለውም፤ ነገ ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍንልህ የለም።

የጓደኛህ ፍላሽስ? ጓደኛህ ጥሩ ልጅ ይሆናል፤ እሱ ግን ከማን ወሰደ? ደግሞም ከዊንዶውስ የተቀዳ ኖድ ሞጁልስ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ አንዳንዱ ፓኬጅ ለማሽኑ ተብሎ የተዘጋጀ ነውና።

የዳታው ችግር እውነት ነው፣ አልክድህም። መፍትሔ ግን አለው። ኔት ያለበት ቦታ ሄደህ በፓይተን «ፒፕ ዳውንሎድ» ካልክ ፋይሎቹን ከዋናው ምንጭ ያወርድልሃል፤ ቤትህ ገብተህ ያለኔት ትጭናለህ። ኤንፒኤም ደግሞ አንዴ ያወረደውን ማሽንህ ላይ ያስቀምጣል። «ፕሪፈር ኦፍላይን» ካልከው መጀመሪያ ከዚያ ይፈልጋል። አምስት ስድስት ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ኮምፒውተር ላይ ቨርዳቾ የሚባለውን የፓኬጅ ማከማቻ ጫኑ። አንዱ ያወረደውን ሌላው ከዚያው ይወስዳል፤ ዳታው አንዴ ብቻ ይከፈላል። የሎክ ፋይሉን (የተጫኑት ፓኬጆች ከነቨርዥናቸው የተዘረዘሩበትን) ከፕሮጀክቱ ጋር አስቀምጥ። በውስጡ የእያንዳንዱ ፓኬጅ አሻራ አለ፤ የወረደው ካልገጠመ ኤንፒኤም አልጭንም ይላል። ቁጥሩን ቆልፍ የምለው ለዚህ ነው።

ክራክ የተደረገውን ዛሬ ማታ አጥፋው፤ ፓስወርዶችህንም ቀይር። ደንበኛ ሳይት ላይ ጭነኸው ከሆነ ለደንበኛው ንገረው። ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ገንዘቡም ስሙም የእሱ ስለሆነ ማወቅ አለበት።

ከኮሌጅ፦ ኤአይ ያለኝን ፓኬጅ ፈልጌ አጣሁት። ለምን?

ስለሌለ ነው። ኤአይ የሌለ ስም ፈጥሮ በሙሉ ልብ ይነግርሃል። ዛሬ ስላጣኸው ተመስገን በል፤ ሌቦች እንዲህ ያሉ ስሞችን ቀድመው ሊያስመዘግቧቸው ይችላሉ። በፈረንጆቹ 2017 ክሮስ-ኤንቭ የሚባለውን ፓኬጅ አስመስሎ ከስሙ ሰረዟን ብቻ ያጠፋ ሌላ ፓኬጅ ተገኝቶ ነበር፤ የሰዎችን የምስጢር ቁልፍ ይልክ ነበር። ፊደል በፊደል። ባለቤቱን፣ መቼ እንደወጣና ኮዱ የት እንዳለ እይ። ያልገባህን አትጫን።

ከደባርቅ፦ የትምህርት ቤታችን ሲስተም ከተሠራ ቆይቷል፣ ደህና ይሠራል። የሠራው ልጅ «ላይብረሪዎቹን አፕዴት ላድርግ» ይለኛል። የሚሠራን ነገር ምን ያስነካል?

ጋሼ፣ ልጁ ልክ ነው፤ ይፍቀዱለት። ኢኩፋክስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በፈረንጆቹ 2017 የተዘረፈው አፓቼ ስትረትስ የሚባል ፍሬምወርክ ሳያድስ ቀርቶ ነው። ማስተካከያው በማርች ወጥቶ ነበር። የ147 ሚሊዮን ሰው ገደማ መረጃ ወጣ። እርስዎ ዘንድ የተማሪዎች ስም፣ ውጤትና የወላጅ ስልክ አለ። ቆልፉ ስል ለዘላለም አትንኩ ማለቴ አይደለም። ሳያስቡት አይቀየር፤ ሲቀየር ግን ታስቦበት ይቀየር። መጀመሪያ ባካፕ ይውሰድ፣ በሌላ ማሽን ይሞክር፣ ከዚያ ያድስ። «ኤንፒኤም ኦዲት» ወይም «ፒፕ ኦዲት» ቢያስኬድ የትኛው የታወቀ ቀዳዳ እንዳለበት ይነግረዋል።

ከቀሃ፦ የፓስወርድ መደበቂያ ኮድ ራሴ ጻፍኩ። ጥሩ ነው?

ለመማር ጥሩ ነው። ለሰው ፓስወርድ ግን አርጎን2 ወይም ቢክሪፕት የሚባሉትን ዝግጁ መደበቂያዎች ተጠቀሚ።

ስሙን ያልነገረን፦ ፒዲኤፍ ሳወጣ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ይሆናል።

ፎንቱ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ፒዲኤፉ ውስጥ አስገባ።

ከወረታ፦ ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ የወጣ ላይብረሪ ያለበት ሶፍትዌር ለድርጅት መሸጥ እችላለሁ?

መሸጥ ይቻላል፤ ግን ሶፍትዌሩን የሰጠኸው ሰው ኮዱን ሲጠይቅህ የራስህንም ጨምረህ በዚያው ፈቃድ መስጠት ሊኖርብህ ነው። ኤምአይቲና አፓቼ ፈቃዶች ይሄን ግዴታ አይጥሉም። ውል ልትፈርም ከሆነ ግን የእኔ መልስ አይበቃህም። ፈቃዱን ይዘህ ጠበቃ ጋ ሂድ።

ከአንድ መድኃኒት ቤት፦ ሲስተማችን ላይ የማናውቀው አድሚን ተፈጥሯል። ሽያጩም የተነካካ ይመስላል። የትኛው ላይብረሪ ይሆን?

እቴ፣ አሁን ላይብረሪ አንፈልግም። ኮምፒውተሩን ከኔት ነቅላችሁ ለዩት። አታጥፉት፣ ፎርማት አታድርጉት፣ ያን አድሚንም አትሰርዙት፤ ማን እንደገባ የሚያሳየው ምልክት እዚያ ነው ያለው። ፓስወርዶቹን ከሌላ ንጹህ ማሽን ቀይሩ። ከዚያ የደህንነት ባለሙያ ጥሩ፤ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርም አመልክቱ። በስልክ የሚታከም አይደለም። ለነገ አታሳድሩት።