ያልቀመስኩት ጥብስ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ከደሴ ነው፤ ከእናቴ ቤት፣ ከጓዳው። መሽቷል፤ ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ተኝቶበታል። ትናንት ማታ እዚህ ቤት ሃያ ሦስት ሰው እራት በልቷል። ዕቃው ታጥቦ ቦታው ገብቷል፣ ጦስኙ ግን ገና ከመጋረጃው አልወጣም። ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር በሆዴ ይመላለሳል፤ እሱን ላውጋችሁ።

ነገሩ ከነአጥንቱ ስለሚጠበስ ሥጋ ነው። ምግብ የሚሠራ ሰው በምላሱ ያልነካውን ነገር እንዴት አምኖ ለሌላ ሰው እንደሚያቀርብም ነው።

እንደምታውቁት ሰባት ዓመት ጣሊያን አገር፣ ፍሎረንስ ከተማ፣ በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። እሑድ ቤተሰብ ተሰብስቦ ምሳ የሚበላበት ቀን ነው፤ እኛ ምግብ ቤት ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ደግሞ አሪስታ የሚሉት የአሳማ ጥብስ ነበር። ከጀርባው፣ ከነጎድን አጥንቱ የሚወጣ ብልት ነው። ነጭ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል አብረው ደቀው ይከተፋሉ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይገባባቸዋል፤ ከዚያ ሥጋው በቢላ ጫፍ እየተወጋ ቅመሙ በቀዳዳው ይጠቀጠቃል፣ የተረፈው ውጩ ይታሽበታል። የአካባቢው ሰው ስሙን ሲያወጋ በ1439 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለሃይማኖት ጉባኤ የመጡ የግሪክ ጳጳሳት ሥጋውን ቀምሰው «አሪስቶስ!» አሉ ይላል፤ «እጅግ መልካም» ማለት ነው። ይህ የሰፈር ወግ ነው፣ እንደ ወግ ያዙልኝ። እርግጡ ግን ሌላ ነው፤ በዚያው ጉባኤ በ1441 ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም ተገኝተዋል። በማለዳ ወደ ሥራ ስሄድ ብዙ ጊዜ አስባቸው ነበር። በዚያች ከተማ፣ በዚያ ሽታ መካከል፣ ጾማቸውንና ሕጋቸውን ይዘው የሰነበቱ የአገሬ ሰዎች!

ምክንያቱም እኔም አልቀመስኩትም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት አሳማ አይበላም፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ሰኮናው የተሰነጠቀ ቢሆንም አያመሰኳምና ርኩስ ነው ተብሏል። በእስልምናም ሐራም ነው። እኔ ባደግሁበት አገር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ናቸው። የወጥ ቤቱ አለቃ ይህን ስነግረው አልሳቀብኝም፣ አላባረረኝምም። «እንግዲያው በሌላው ሁሉ ትቀምሻለሽ» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ጨውን በምላስ ሳይሆን በሚዛን ለመድኩ፤ ለአንድ ኪሎ ሥጋ 15 ግራም። ስቡን በጆሮዬ ለመድኩ። መጀመሪያ ውኃው እየወጣ ይንጣጣል፣ ውኃው ሲያልቅ ድምፁ ይቀጥናል፣ ቀጥኖ ቀጥኖ ዝም ሊል ሲል ቆዳው መድረቅ ጀምሯል። በቴርሞሜትር ደግሞ ልቡን አየዋለሁ። የአሳማ ሙሉ ብልት መሐሉ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ወጥቶ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ያርፋል። ድሮ 71 ካልደረሰ አይበላም ይባል ነበር፤ የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ልኩን ዝቅ ያደረገው በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ቴርሞሜትሩ አጥንት መንካት የለበትም፣ ከነካ ቁጥሩ ያሳስታል። ይህን የምላችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ተታልዬ ነው።

ስለ አጥንቱ አንድ ነገር ልበል። ሰው አጥንት ለሥጋው ጣዕም ይሰጣል ይላል። እኔ እስከማየው መቅኑ በወፍራም አጥንት አልፎ ወደ ሥጋው አይገባም። አጥንቱ የሚሠራው ሌላ ነው፤ አጠገቡ ያለው ሥጋ ቀስ ብሎ እንዲበስል ያደርጋል፣ በዙሪያው ያለው ጅማትና ስብም ቀልጦ ያንን ሁላችንም የምንሻማበትን ክፍል ያወጣዋል። ልጆች ሆነን ከቅቅል ውስጥ የምንጣላበት ሥጋ የቱ ነበር? አጥንቱን የያዘው አይደለም?

አሁን ወደ ደሴ ልመልሳችሁ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ሙስሊም ነው፣ እናቴ ክርስቲያን ናት። ከአንድ አባት ከአንድ እናት የተወለዱ ናቸው። ወሎን የማያውቅ ሰው ይህን ስነግረው ዓይኑን ያፈጣል። ከዚህ ከተማ ሩቅ ያልሆነው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ የጠሩበት ቦታ ነው፤ ከዚያ በኋላ የወሎ መኳንንት ሃይማኖት እንዲለውጡ ተደረገ፣ መሐመድ አሊ የነበሩት ሚካኤል ተባሉ፣ ውለው አድረውም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። በአዋጅ የሆነ አለ፣ በጋብቻ የሆነ አለ፣ በፍቅር የሆነ አለ። የእኛ ቤት በጋብቻ ነው።

እራቱን ያሰብኩት ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ለዘመድ መሰብሰቢያ የሚመች ጊዜ ነው፤ ረመዳንም አልፏል። ያንን የእሑድ ጥብስ ለቤተሰቤ ላበስል፣ በአሳማው ፋንታ የበግ ታፋ ከነአጥንቱ ላደርገው ወሰንኩ። ሁለት በግ ተገዛ። አንዱን ወንድሜ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ ባረከው፤ ሌላውን አጎቴ በዋዜማው መጥቶ፣ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ አረደው። የአንዱን እጅ ሌላው አይበላም። ይህ ግን እናቴን አስጨንቋት አያውቅም። አልጋዋ ሥር አንድ የእንጨት ሣጥን አላት፤ የአጎቴ ቤተሰብ ሲመጣ ብቻ የሚወጣ ድስት፣ ጭልፋና ቢላ አለበት። የቢላውን እጀታ በነጭ ክር ጠምጥማዋለች። ክሩ እየቆሸሸ ሲሄድ ትቀይረዋለች፤ ልጅ ሆኜ ጀምሮ ስትቀይረው አያታለሁ።

አጎቴ ቢላውን አይቶ፣ «እህቴ፣ ዘንድሮም አደስሽው?» አላት። «አያ፣ ተሳስቼ ሌላ ብሰጥህስ?» አለችው።

ታፋዎቹ እያንዳንዳቸው ሁለት ኪሎ ከትንሽ ይሆናሉ። በዋዜማው ማታ ሁለቱንም በየራሳቸው ትሪ አድርጌ፣ በየኪሎው 15 ግራም ከአፍዴራ የመጣ ጨው አሸሁባቸው። ጨው መጀመሪያ ውኃ ያወጣል፣ የወጣው ውኃ ጨውን ያሟሟዋል፣ ሲያድር ሥጋው መልሶ ይመጠዋል። ጠዋት ላዩ ደርቆ አገኘሁት፣ የምፈልገውም እንዲያ ነው። የጥብስ ቅጠልና ነጭ ሽንኩርት ደቆስኩ፣ በአሪስታው ላይ የማይገባውን የእኛን ጦስኝና ትንሽ ኮረሪማ ጨመርኩ።

የአሳማው ብልት በላዩ የስብ ሽፋን አለው፣ እሱ እየቀለጠ ሥጋውን ያርሰዋል። የበግ ታፋ ያን ያህል ስብ የለውም። የወሎ በግ ግን ላት አለው! ላቱን በስስ ቆርጬ በየታፋው ላይ አለበስኩት፤ የአንዱን በግ ላት ለዚያው በግ ታፋ። በዚህ ሐሳቤ ደስ ብሎኛል፣ አልደብቃችሁም።

ቤታችን ሥጋው መሐሉ ቀይ ሆኖ ቢቀርብ የሚበላው የለም። ጥሬ ሥጋ የበሬ ነው፤ በግ ይበስላል። ስለዚህ 63ን ትቼ ሥጋው ከአጥንቱ እስኪላቀቅ፣ ከ80 ዲግሪ በላይ፣ በዝግታ ላደርሰው አሰብኩ። የሁለቱንም ትሪ ሸፍኜ፣ የአጎቴን ከላይ የእኛን ከታች አድርጌ፣ ምንም ነገር በእሱ ላይ እንዳይንጠባጠብ፣ ምድጃውን በ160 አስነሳሁት።

አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንደሄደ መብራት ጠፋ።

ቆሜ ቀረሁ። ሃያ ሦስት ሰው ተጠርቷል። ቴርሞሜትሩን ብሰካው የአንዱ ልብ 41፣ የሌላው 44 ነው። እናቴ ከበሩ ላይ ሆና አየችኝ። «ልጄ፣ ድፎ ዳቦ በምን ይጋገራል?» አለችኝ። መልስ አልጠበቀችም፣ ከሰል ልታቀጣጥል ወጣች።

ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ይሻል። ከባድ ብረት ድስት ከሥሩ ለስለስ ያለ ፍም፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ ሌላ ፍም ይደረግበታል። የእኛን ታፋ በእናቴ ድስት አስገባን። የአጎቴ ባለቤት ስልክ ሲደወልላት የራሷን ብረት ድስት በነጠላ አስራ በባጃጅ ይዛ ደረሰች። ግቢው ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን፣ በሁለት እርምጃ ርቀት ጣድናቸው። እናቴ የአንዱን ፍም ትጠብቃለች፣ የወንድሟ ሚስት የሌላውን። በሁለቱ መካከል ቡና ተፈላ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲደርስ የላቱ ሽታ መንገድ ላይ ወጥቶ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ ነው የቆየው ነገር የመጣብኝ። የእኛን ድስት ከፍቼ ጫፉን ቆርጬ ቀመስኩ። የአጎቴን ድስት ከፈትኩ፣ ቆምኩ። መቅመስ አልችልም። ለሃያ ሦስት ሰው ከሚቀርበው ምግብ ግማሹን፣ ያውም ለምወደው አጎቴ የሚቀርበውን፣ ሳልቀምስ ነው የማወጣው። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ወደ ድስቱ አቀረብኩ። ስቡ እየተንጣጣ ነበር። ጠበቅኩ። ድምፁ ቀጠነ። ጣቴን በጨርቅ ጠቅልዬ ሥጋውን ጫን አልኩት፣ መለስ አለ፤ ገና ነው። ሃያ ደቂቃ ቆይቼ መለስ ብል ጣቴን ተቀበለው። ፍሎረንስ ውስጥ ለማላውቃቸው ሰዎች፣ ለገንዘብ፣ የማልበላውን ሳበስል የተማርኩት ሁሉ ለካ ለዚህ ድስት ኖሯል። የዚያን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ የአጎቴ ባለቤት ከጭሱ መስሏት ነጠላዋን ሰጠችኝ።

ሥጋው ወጥቶ ግማሽ ሰዓት አረፈ። እዚህ ላይ ማንም እንዳያጣድፋችሁ፤ ከእሳት ወጥቶም የልቡ ሙቀት ትንሽ ይወጣል፣ ሲያርፍ ደግሞ ጭማቂው ሲቆረጥ በትሪው ላይ አይፈስም። አጎቴ በነጭ ክር በታሰረው ቢላ የራሱን ቆረጠ፣ ወንድሜ የእኛን። ሁለቱ ትሪዎች በአንድ ረጅም ምንጣፍ ላይ፣ በሁለት መሶብ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ዙሪያ ተቀመጡ። አጎቴ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፣ መረቀን፣ ሁላችንም አሜን አልን።

ከዚያ እኔ አጎቴን ማየት ጀመርኩ። ጎረሰ። አኘከ። ምንም አላለም።

«አያ፣ እንዴት ነው?» አልኩት ሳልችል ቀርቼ።

«አብሽሪ» አለኝ። ሌላ ጎረሰ። «ላዩ ላይ ጨሰስ ያለ ነገር አለው፣ ይጥማል። ስቡ ገብቶበታል። ወደ አጥንቱ ሲጠጉ ግን ጨው ያንሳል።»

የእኛን ታፋ ከአጥንቱ ሥር ቆርጬ ቀመስኩ። እውነቱን ነው። ጨው በአንድ ሌሊት ወደ ወፍራም ሥጋ ብዙ አይዘልቅም፤ ለታፋ ሁለት ሌሊት ያስፈልገው ነበር። ሁለቱንም እኩል መዝኜ፣ እኩል አሽቼ፣ እኩል አሳድሬ ነበር። የእሱ ምላስ የነገረኝን የእኔ ምላስ በሌላው ታፋ ላይ አገኘው።

መጨረሻ ላይ አጎቴ የአጥንቱን ጫፍ ሰብሮ ቅልጥሙን በሳህን ላይ ጠብ ጠብ አደረገ። እናቴ የእኛን አጥንት ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኔም ሰበርኩት። እኩል አፋችን ውስጥ ከተትነው። ጦስኙ እስከ መቅኑ ገብቷል አለኝ። አጥንት አያሳልፍም አልኩት። «ቅመሺው እንጂ ያንቺን» አለኝ። ደግሜ ቀመስኩ፣ ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም የሆነ ነገር ነበረው፣ ምናልባት ከእጄ ላይ ይሆናል።

«ይህም ጨው ይፈልጋል» አለ አጎቴ።

እናቴ ተነሥታ የጨው ዕቃውን አመጣችና በእኔና በእሱ መካከል አስቀመጠችው።