መዝገቡ ያለው እዚሁ ካውንቲው ውስጥ ነው

ክቡራትና ክቡራን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንደምን አመሻችሁ።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደኔ አንደኛው ወገኑ ኢትዮጵያዊ፣ ሌላኛው ወገኑ ደግሞ ከሌላ ሕዝብ የሆነ ልጅ የምታሳድጉ ብዙ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይዛችሁኝ፣ "የልጆቼን ያባታቸውን ወገን ከየት ጀምሬ ልፈልግ?" ብላችሁኛል። የኔ ባለቤት ዘሩ ፖላንዳዊ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ፖላንድ ስደተኞችና አሜሪካ ገብተው በኖሩበት ካውንቲ፣ ማለትም ከክፍለ ግዛት በታች ባለው አስተዳደር፣ ስለተዉት ወረቀት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በልጄ የትምህርት ቤት ሥራ ነው። የቤተሰብሽን የዘር ሐረግ ሠርተሽ አምጪ ተባለች። ደብረ ማርቆስ ለአባቴ ደወልን። አባቴ "ጻፊ" አሏትና እስከ ሰባት ቤት ድረስ አንድም ቦታ ሳይደናቀፉ ቆጠሩላት። ሲጨርሱ "ያባትሽስ ወገን?" ብለው ጠየቋት። ልጄ ወደኔ ዞረች፤ እኔ ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። እሱ የሚያውቀው ቅድመ አያቱ ከፖላንድ መጥቶ ሰሜን ምሥራቅ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ሲቆፍር እንደኖረ ብቻ ነበር። የመንደሩን ስም የሚያውቅ ከቤተሰቡ አንድም ሰው አልተረፈም። አባቴ ትንሽ ዝም አሉና "ይኼማ አይሆንም፤ ፈልጉ" አሉ።

እኔም ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ፍለጋውን ከፖላንድ ጀመርኩ። ወራት ባከኑብኝ። ሰውዬው በተሰደደበት ዘመን በካርታ ላይ ፖላንድ የሚባል አገር አልነበረማ! ሩሲያ፣ ኦስትሪያና በኋላ የጀርመን አካል የሆነችው ፕሩሺያ በ1772፣ በ1793 እና በ1795 ሦስት ጊዜ ተቀራምተው ጨርሰውት ነበር። አገሩ እንደገና የቆመው በ1918 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምናገረው። ስለዚህ የትውልድ አገሩ በአንዱ ወረቀት "ሩሲያ"፣ በሌላው "ጀርመን"፣ በሌላው "ኦስትሪያ" ተብሎ የተጻፈ ፖላንዳዊ ብታገኙ አትደንግጡ። የሚገዛውን መንግሥት ነው የተናገረው። መዝገቦቹም ያንኑ ተከትለው በሦስት ይከፈላሉ። በሩሲያው ክፍል ከ1868 ጀምሮ የተጻፉት በሩሲያኛ፣ በኦስትሪያው ክፍል በአብዛኛው በላቲን፣ በፕሩሺያው ክፍል ደግሞ ከ1874 ጀምሮ የመንግሥት መዝገብ በጀርመንኛ ነው። የመንደሩን ስም ሳይዙ እዚያ መግባት በጨለማ እንደመዳሰስ ነው። የመንደሩን ስም ብቻ መያዝም አይበቃም። እኛ ጋ ስንት አዲስ ዓለም አለ? ፖላንድም ውስጥ ኖቫ ቪየሽ፣ ማለትም አዲስ መንደር የሚባል ቦታ ተቆጥሮ አያልቅም።

ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ ይባል የለ? ሰውዬው ያገባው፣ ልጆች የወለደው፣ ቤት የገዛው፣ የሞተው አንድ ካውንቲ ውስጥ ነው። የመንደሩን ስም ከአፉ ሰምቶ የጻፈ ሰው ካለ የዚያ ካውንቲ ጸሐፊ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደዚያ ሂዱ።

ፔንሲልቬኒያን ልውሰድ፤ የማውቀው እሱን ነው። እዚያ የጋብቻ ፈቃድ በየካውንቲው መሰጠት የጀመረው ከኦክቶበር 1885 ነው። ልደትና ሞት በክፍለ ግዛት ደረጃ መመዝገብ የጀመረው ግን በ1906 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከ1893 እስከ 1905፣ የሚመዘግቡት ካውንቲዎቹ ነበሩ። ሁሉም ሰው አልተመዘገበም፤ ቢሆንም ብዙ ስደተኛ የገባው በእነዚያ ዓመታት ስለሆነ እነዚህ መጻሕፍት ወርቅ ናቸው። የጋብቻውን መዝገብ የሚይዘው ክፍል ስሙ "የሙት ልጆች ፍርድ ቤት" ነው። ስሙ አያሳስታችሁ። ጋብቻም ውርስም እዚያ ነው። የዜግነት ወረቀት ፕሮቶኖተሪ የሚባለው ጸሐፊ ዘንድ፣ የቤትና የመሬት ውል ደግሞ ውል መዝጋቢው ዘንድ ትጠይቃላችሁ። ስትደውሉ ታሪኩን ሁሉ አትዘርዝሩ፤ ጸሐፊዋ ሥራ አለባት። ስም፣ ግምታዊ ዓመት፣ የመዝገቡን ዓይነት ብቻ ንገሯት። ከመሄዳችሁም በፊት የድሮዎቹ መጻሕፍት ሕንፃው ውስጥ ናቸው ወይስ ሌላ መጋዘን ተዛውረዋል ብላችሁ ጠይቁ። ፋሚሊሰርች የሚባለው ድረ ገጽም የብዙ ካውንቲዎችን መጻሕፍት ፎቶ አንስቶ በነፃ አስቀምጧል። በስም ስትፈልጉ ካልመጣ የለም ማለት አይደለም። ብዙው ገና በስም አልተለቀመም፤ ገጽ በገጽ መግለጥ ነው።

እኔ መጀመሪያ ያገኘሁት የጋብቻውን ገጽ ነው፤ 1894። መጽሐፉ በሁለት እጅ ነው የሚነሳው። ሙሽራው 23 ዓመቱ፣ ሥራው ቆፋሪ። ሙሽሪት 18። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልግ ስለነበር አባቷ ፈቅዷል፤ መፈረም ስላልቻለ መስቀል አድርጓል። ጸሐፊው ከመስቀሉ ዙሪያ "የእሱ ምልክት" ብሎ ጽፎበታል። አንደኛው መስመር ወፍራም ነው፤ ብዕሩን ጠበቅ አድርጎ ተጭኖታል። ሁለተኛው ሲያልቅ ወደ ጎን ሸሽቷል። እጄን ከወረቀቱ በላይ አድርጌ ሳልነካው ብዙ ቆየሁ። የልጄ ደም የሆነ ሰው፣ በሕይወቱ ምናልባት አንዴ ወይ ሁለቴ ብዕር የያዘ ሰው፣ እዚያ ቆሞ ነበር።

የትውልድ ቦታ በሚለው ላይ ግን የተጻፈው "የሩሲያ ፖላንድ" ብቻ ነው። መንደር የለም።

ቀጥዬ የዜግነቱን ወረቀት ፈለግኩ። እዚህ ላይ አንድ ቀን ያዙልኝ፤ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1906። ከዚያ በፊት የትኛውም መዝገብ ያለው ፍርድ ቤት ዜግነት ይሰጥ ነበር፤ ቅጹም እንደየፍርድ ቤቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ቅጹ በመላ አገሪቱ አንድ ሆነ፤ የተወለደበትን ቦታና ቀን፣ የመጣበትን መርከብ፣ የሚስቱንና የልጆቹን ስም ይጠይቃል። የባለቤቴ ቅድመ አያት "የመጀመሪያ ወረቀት" የሚሉትን፣ ዜጋ መሆን እፈልጋለሁ የሚለውን ማስታወቂያ፣ ያወጣው በ1898 ነው። አንዲት ግማሽ ገጽ ናት። ለሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ያለኝን ታማኝነት ትቻለሁ ይላል፤ በቃ። ያም ቢሆን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። የካደው የሩሲያውን ነው ወይስ የጀርመኑን ወይስ የኦስትሪያውን? መልሱ ከሦስቱ ክፍሎች የትኛው ውስጥ መፈለግ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ሴቶቹን በዚህ መንገድ አታገኟቸውም። እስከ 1922 ድረስ የሚስት ዜግነት ባሏን ይከተል ስለነበር የራሷ ወረቀት አልነበራትም። እሷን የምታገኙት በጋብቻው ገጽና በልጆቿ የክርስትና መዝገብ ነው፤ የአባቷ ቤት ስም እዚያ ይጻፋል። የክርስትናው መዝገብ ከካቶሊኩ ደብር ከጠፋ ደግሞ በ1897 ስክራንተን ላይ በፍራንቺሼክ ሆዱር መሪነት የተነሣው የፖላንድ ብሔራዊ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተከታዮች ሆነው እንደሆነ እዩ። ስክራንተንን ካነሣሁ አይቀር፣ ከተማው ያለበት ላካዋና ካውንቲ ከሉዘርን ካውንቲ የተቆረጠው በ1878 ነው። ከዚያ በፊት የሆነን ነገር መጠየቅ ያለባችሁ ሉዘርንን ነው። ድንበሩ የተለወጠ ካውንቲ ብዙ ስለሆነ ይህን አስቀድማችሁ አጣሩ።

ስለ ሉዘርን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1897 የሥራ ማቆም አድማ የመቱ ቆፋሪዎች መሣሪያ ሳይዙ ወደ ላቲመር ሲሄዱ፣ የካውንቲው ሸሪፍ ጄምስ ማርቲንና ተከታዮቹ ተኮሱባቸው። 19 ሰው ሞተ፤ ፖላንዳውያን፣ ስሎቫኮችና ሊቱዌኒያውያን። በማግስቱ ዓመት ጉዳዩ ዊልክስ ባሬ ላይ በዚያው ካውንቲ ፍርድ ቤት ታየ፤ ተከሳሾቹ በነፃ ተለቀቁ። ካውንቲ ለእነዚያ ሰዎች የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ ብቻ አልነበረም። ልጃቸውን የሚመዘግበው፣ ቤታቸውን የሚያጸድቀው፣ የሚተኩስባቸውና የሚዳኛቸው ሁሉ እሱ ነበር። የዚያን ዘመን የሞት መዝገብ የምትገልጡ፣ የፈለጋችሁትን ስም ብቻ አይታችሁ አትለፉ።

ወደ ፍለጋው ልመለስ። መንደሩን ያገኘሁት በባለቤቴ ቅድመ አያት ወንድም በኩል ነው። በ1903 የተጻፈ የቦታ ግዢ ውል ላይ ከቅድመ አያቱ ጋር አብሮ የገዛ ሌላ ሰው ነበር። የቤተሰቡ ስም ይመሳሰላል፤ ፊደሉ ግን ሌላ ነው። ይህንን ሰው በዚያው ካውንቲ ተከትዬው በ1911 ያስገባውን የዜግነት ማመልከቻ አገኘሁ። አዲሱ ቅጽ ነው፤ ሁሉን ይጠይቃል። ከብሬመን የተነሣበት መርከብ አለ፤ የልጆቹ ስም አለ፤ የተወለደበት መንደር አለ፤ ከመንደሩ ቀጥሎ ደግሞ ጸሐፊው በእንግሊዝኛ ፊደል "ዉምዛ" የሚመስል ቃል ጽፏል። ካርታ ላይ ዉምዛ የሚባል የለም።

እዚህ ላይ የረዳን የገዛ ፊደላችን ነው። ፖላንድኛ ሽ፣ ች፣ ዥ እና ኝ አለው። የእንግሊዝኛ ፊደል ለእነዚህ ድምፆች ይቸገራል፤ የእኛ ፊደል አይቸገርም። ግዤጎሽ የሚባለውን ስም የካውንቲ ጸሐፊ በእንግሊዝኛ ሲጽፈው ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት፤ ልጄ ግን በአንዴ ጻፈችው። ጸሐፊው የሰማውን ድምፅ ነው የጻፈው። ስለዚህ እኔና ልጄ ጮክ ብለን እያነበብን በፊደል እንጽፍ ጀመር፤ ዉምዛ፣ ዎምዣ። ፖላንድኛ ውስጥ በሆዱ ላይ ጭረት ያለበት ኤል እንደ "ው" ነው የሚነበበው። በኤል የሚጀምረው ሎምዛ የሚመስለው ከተማ አጠራሩ ዎምዣ ነው። በዚያን ጊዜ በሩሲያ ሥር የነበረ ጉበርኒያ፣ እንደ ክፍለ ሀገር ያለ፣ ስሙ ዎምዣ ነበር! ልጄ ከወንበሯ ተነሥታ ጮኸች።

ከዚህ ትምህርት ለእናንተ የሚሆነው፣ ስም ስትፈልጉ በኤል ያጣችሁትን በደብልዩ እዩ፤ ቮይቼህ የሚባለውን አልበርት በሚል፣ ስታኒስዋቭን ስታንሊ በሚል ፈልጉ። ስማቸውን ኒው ዮርክ ባለው የስደተኞች መቀበያ፣ ኤሊስ ደሴት ላይ ለወጡባቸው የሚለውን ወሬ ተዉት። የተሳፋሪው ስም የሚጻፈው በመርከብ ድርጅቱ ሰዎች ገና ሲነሡ ነበር። ስሙ የተለወጠው በኋላ ነው፤ በማዕድኑ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በካውንቲው ጽሕፈት ቤት።

ሌላ ቦታም መንገዱ ይኸው ነው። ቴክሳስ ካርንስ ካውንቲ ውስጥ ያለችው ፓና ማሪያ በ1854 በአባ ሌኦፖልድ ሞቺጌምባ መሪነት ከላይኛው ሲሌሲያ በመጡ ሰዎች ተቆረቆረች። ቺካጎ ከሆነ የምትፈልጉት፣ የ1871ዱ ቃጠሎ ከተማዋ ያለችበትን የኩክ ካውንቲን መዝገብ ስለበላው ከዚያ በፊት ላለው ወደ ደብሮቹ ሂዱ።

መንደሩንና ጉበርኒያውን ከያዝን በኋላ ፖላንድ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ነው የፈጀብን። የፖላንድ የዘር ሐረግ ማኅበር በጎ ፈቃደኞች ጌኔቴካ የሚባል የስም ማውጫ በኢንተርኔት አስቀምጠዋል። የቅድመ አያቱ የልደት መዝገብ 1871፣ በሩሲያኛ። ቀኑ ሁለት ነው፤ ሜይ 3/15። የፖላንድ ዝርያ ያላቸው ወዳጆቼ ይህ ሁለት ቀን ግራ ሲያጋባቸው አይቻለሁ። ለእናንተ ግን ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ሁለት አቆጣጠር ይዞ መኖር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሩሲያ በዩልዮስ አቆጣጠር ነበረች፤ በዚያን ጊዜ ልዩነቱ 12 ቀን ነው።

አባትየው ሕፃኑን ይዞ በሁለት ምስክሮች ፊት ቀርቦ ነው ያስመዘገበው። ስሙ አለ፤ ዕድሜው አለ፤ የሚስቱ ስም ከነአባቷ ቤት ስም አለ። መጨረሻው ላይ ቄሱ፣ ይህ ጽሑፍ መጻፍ ለማይችሉት ለቀረቡት ተነበበላቸው፣ እኛም ፈረምን ብሎ ዘግቶታል።

የዚያን ቀን ማታ ለአባቴ ደወልን። ልጄ ከአባቷ ጀምራ ቆጠረች። አባቴ እያንዳንዱን ስም ከኋላዋ እየደገሙ፣ ዥውን ሳይስቱ፣ አምስት ቤት ደረሱ። "ሁለት ቀራችሁ" አሉና ስልኩን ዘጉ።

የዚያ ዘመን የጋብቻ መዝገብ የሙሽራውንም የሙሽሪትንም ወላጆች ስም ይይዛል። የወላጆቹን ጋብቻ ባለፈው ሳምንት አገኘሁት፤ ከ1868 በፊት ስለሆነ በፖላንድኛ ነው የተጻፈው። እሑድ እንደውልላቸዋለን።

አመሰግናለሁ።