እግሩ መሬት ያልረገጠ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ቬትናም ጦርነት መርከበኞች ነው። «አንቺን ከቬትናም ምን አገናኘሽ?» የምትሉ አትጠፉም። ሥራዬ ነው ያገናኘኝ። እዚህ ሜሪላንድ በየቤቱ እየዞርኩ አዛውንቶችን እንከባከባለሁ፤ ከእናንተም ስንቶቻችሁ በዚሁ ሥራ ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከማያቸው አንዱ የቀድሞ መርከበኛ ናቸው። ስኳር አለባቸው፣ ልባቸውም ደከም ብሏል። ስለ ጦርነቱ ብዙ አያወሩም፤ ስለ ካሳው ወረቀት ከተነሳ ግን ማን ያቆማቸዋል! እኔም እሳቸውን እየሰማሁ ነው ነገሩን ማንበብ የጀመርኩት።

የአሜሪካ ጦር ከ1962 እስከ 1971፣ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፣ የቬትናምን ጫካ ቅጠል ለማርገፍና ሰብሉን ለማጥፋት ከአውሮፕላን መርዝ ይረጭ ነበር። በጣም የታወቀው ኤጀንት ኦሬንጅ ነው፤ ዳይኦክሲን የሚባል ክፉ ነገር ነበረበት። በ1991 ሕግ ወጣ። ቬትናም ያገለገለ ሰው ከተዘረዘሩት በሽታዎች አንዱ ከያዘው፣ መርዙ እንዳሳመመው ይቆጠርለታል፤ አስረዳ አይባልም። ልክ ነው። የትኛው ጠብታ በየትኛው ቀን እንደነካው ማን ሊያስረዳ ይችላል?

ጣጣው የመጣው «ቬትናም ያገለገለ» ማን ነው ሲባል ነው። በ2002 የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ቪኤ የምንለው፣ እግሩ መሬቱን የረገጠ ወይም በወንዞቹ የገባ ብቻ ነው አለ። ባሕሩ ላይ የነበረው ከሕጉ ውጭ ቀረ።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። በዚያው በ2002 አውስትራሊያ የራሷን መርከበኞች ጉዳይ አስጠንታ ውጤቱ ወጣ። መርከብ ላይ የሚጠጣ ውሃ ከየት ይመጣል? ወንዞቹ ከየብሱ መርዙን ይዘው ከሚገቡበት ከባሕሩ። ጨዋማው ውሃ ይፈላና እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ይጠራቀማል፤ አረቄ ሲወጣ ያያችሁ ወዲያው ይገባችኋል። ጨዉ ከታች ይቀራል፣ ዳይኦክሲኑ ግን ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል፤ በተጣራው ውሃ ውስጥ ጭራሽ ይበረታል። መርከበኛው ያንን ይጠጣል፣ ያንን ይታጠባል፣ ምግቡም በዚያው ይበስላል። አውስትራሊያ ይህን ይዛ መርከበኞቿን ካሰች። አሜሪካ የእግር ዱካ ስትፈልግ 17 ዓመት ሄደ።

በ2011 የአሜሪካ የሕክምና ምሁራን ኮሚቴ መርከበኞቹ ተጋልጠዋልም አልተጋለጡምም ማለት እንደማይቻል ጽፏል። ሐቀኛ መልስ ነው፤ ያኔ ውሃውን የለካ ሰው የለማ። እኔን የሚያበሳጨኝ ግን ጥርጣሬው ለመሥሪያ ቤቱ መሰጠቱ ነው። ለታመመው ነበር መሰጠት ያለበት። ለእግረኛው ወታደር ተሰጥቶት የለም እንዴ? እሱንስ ማን ለካው? የቬትናም ገበሬዎችማ ካነሳን ዛሬ አንጨርስም፤ መርዙን በሠሩት ኩባንያዎች ላይ ያቀረቡት ክስ በ2005 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ወድቋል።

በጃንዋሪ 2019 ፕሮኮፒዮ በሚባለው መዝገብ የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት 9 ለ2 ወሰነ፦ ከባሕሩ ዳርቻ እስከ 12 የባሕር ማይል ያለው ውሃም ቬትናም ነው። ከሳሹ ያገለገሉባት መርከብ ኢንትረፒድ ዛሬ ሙዚየም ናት፤ ኒውዮርክ የሄዳችሁ ወንዙ ዳር ቆማ አይታችኋት ይሆናል። በዚያው ዓመት መርከበኞቹን የሚያካትት አዲስ ሕግ ተፈረመ፣ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ።

ታዲያ መርከቧ የት እንደነበረች በምን ይታወቃል? አዛውንቱ ፎቶ ኮፒ አሳይተውኛል፤ የመርከባቸው የውሎ መዝገብ ነው። ተረኛው መኮንን ነዳጅ ተቀበልን፣ አቅጣጫ ቀየርን እያለ ይጽፋል። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ደግሞ መርከቧ ያለችበት ቦታ በቁጥር ይሰፍራል። ኮፒው ደብዝዟል፣ 3ቱ ከ8 አይለይም። ጣታቸውን አንዱ ቁጥር ላይ አሳርፈው «እዚህ ጋ ነበርን» አሉኝ።

እንግዲህ በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ የምትንከባከቧቸው ሰው በዚያ ዘመን ባሕር ኃይል ከነበሩ የመርከባቸውን ስም ጠይቋቸው። ቪኤ የመርከቦች ዝርዝር አለው። በዚህ ምክንያት ተከልክሎ የነበረ ሰው እንደገና ማመልከት ይችላል፤ ካሳው ወደ ቀድሞው ማመልከቻ ቀን ተመልሶ የሚታሰብበት ጊዜም አለ። ባሏ የሞተባትም ማመልከት ትችላለች። ለመጀመሪያው ማመልከቻ ገንዘብ ክፈሉ የሚል ሰው ከመጣ ግን በሩን ዝጉበት፤ ማስከፈል አይፈቀድም፣ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት በነፃ ይሞሉላቸዋል።