ሁለት ጊዜ የተገለበጠ አድራሻ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ተማሪዎች፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የቆየ የሊኑክስ ድራይቨር፣ ማለትም ሲስተሙን ከሃርድዌር ጋር ስለሚያገናኝ ፕሮግራም ነው። ፎርስዴዝ ይባላል። በኤንቪዲያ ኤንፎርስ ማዘርቦርዶች ላይ ያለውን ኔትወርክ ካርድ የሚያሠራው እሱ ነው። መጀመሪያ የጻፉት ሰዎች የኩባንያው ድጋፍ አልነበራቸውም፤ የቺፑን አሠራር ራሳቸው መርምረው ነው የደረሱበት። ለእነዚህ ሰዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ።

ማክ አድራሻ፣ ማለትም የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር፣ ስድስት ባይት ነው። የቆዩት የኤንፎርስ ቺፖች ይህን አድራሻ ከኋላ ወደ ፊት ገልብጠው ያስቀምጡት ነበር። ድራይቨሩ ሲነሳ አንብቦ ያቃናዋል። እስከዚህ ቀላል ነው። ጣጣው ድራይቨሩ ወጥቶ እንደገና ሲጫን ነው። የተቃናው አድራሻ ሪጅስተሩ ውስጥ፣ ማለትም ቺፑ ውስጥ ባለችው ትንሽ ማስቀመጫ ውስጥ ከቀረ፣ ድራይቨሩ ያንኑ መልሶ ይገለብጠዋል። ያኔ ራውተሩ ካርዱን አያውቀውም። በማክ አድራሻው የተመደበለትን አይፒም አያገኝም።

«አድራሻውን አይቶ መለየት አይቻልም ወይ?» ትሉ ይሆናል። በከፊል ይቻላል። የመጀመሪያው ባይት ኢተጋማሽ ከሆነ አድራሻው የመልቲካስት፣ ማለትም የቡድን መላኪያ ነው፤ ለካርድ አይሆንም። አንድ ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) 01:23:45 ብሎ የሚጀምር የውሸት አድራሻ ይሰጥ ነበር፤ እሱን ይህ ማጣሪያ ይይዘዋል። የተገለበጠ አድራሻ ላይ ግን ፊት የሚመጣው የመጨረሻው ባይት ነው። እሱ ተጋማሽ ከሆነ፣ ስህተቱ ደህና አድራሻ መስሎ ያልፋል። ግማሹን ካርድ ብቻ የሚያድን ማጣሪያ ደግሞ አይበቃም።

ስለዚህ መፍትሔው ግምት አልሆነም። ድራይቨሩ አድራሻውን ሲያቃና ሪጅስተር ላይ አንዲት ቢት ያበራል። ቀጥሎ የሚጫነው ድራይቨር ቢቷን አይቶ አድራሻውን ሳይገለብጥ እጁን ይሰበስባል። ግን ቺፑ ኃይል ቆጣቢ ሁኔታ ውስጥ ሲገባ ቢቷ ትጠፋለች። እኔ በጣም የምወደው ለዚህ የተጻፈውን ኮድ ነው፦ ድራይቨሩ ሲወጣ ቢቷን አጥፍቶ አድራሻውን መልሶ እንደ ነበረው፣ እንደ ተገለበጠ ያስቀምጠዋል። ለሚቀጥለው አስቦ ማለት ነው። አድራሻውን በትክክል ለሚያስቀምጡት አዳዲስ ቺፖች ደግሞ በየሞዴሉ ምልክት ተደርጎላቸዋል።

እናንተም ድራይቨር ስትጽፉ አንድ ጊዜ ሠራ ብላችሁ አትተዉት። አውጥታችሁ ደግማችሁ ጫኑት። ማሽኑን አስተኝታችሁ ቀስቅሱት። በኬክሴክ፣ ማለትም ማሽኑን ከባዮስ ሳያስጀምር ከርነል በሚቀይረው መሣሪያ፣ ሌላ ከርነል (የሊኑክስን እምብርት) አስነሱበት። በየመሀሉ አድራሻውን መጀመሪያ ካነበባችሁት ጋር አመሳክሩ።

አመሰግናለሁ።