ፓሬራ፦ በአምስት አገር ማሊያ ስድስት የዓለም ዋንጫ

[ምስል፦ ቫያዶሊድ፣ ስፔን፣ ሰኔ 1982። በዚህ ቪዲዮ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።]

ፈረንሳይ ኩዌትን 3 ለ 1 እየመራች ነው። በድንገት ከተመልካቹ መካከል ፊሽካ ተሰማ። የኩዌት ተከላካዮች ዳኛው የነፋ መስሏቸው ቆሙ፤ የፈረንሳዩ ዢሬስ ግን ኳሷን ከመረብ አገናኛት። ይሄኔ የኩዌት እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሼክ ፋሃድ ከክብር ወንበራቸው ወርደው ሜዳ ገቡ፤ ዳኛውም ግቡን ሻሩት። ጨዋታው በመጨረሻ 4 ለ 1 አለቀ። የሼኩን ምስል ዓለም እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። የኩዌትን አሰልጣኝ ግን ማን ልብ አላቸው? የ39 ዓመቱ ብራዚላዊ ካርሎስ አልቤርቶ ፓሬራ ነበሩ።

ፓሬራ በፕሮፌሽናል ደረጃ ኳስ ተጫውተው አያውቁም። የተማሩት የአካል ብቃት ሥልጠና ነው። በ1967፣ ገና በ24 ዓመታቸው፣ ከሪዮ ተነስተው የጋና ብሔራዊ ቡድንን ሊያሰለጥኑ አፍሪካ ገቡ። በ1970 ብራዚል በሜክሲኮ ዋንጫ ስታነሳ ከአካል ብቃት ባለሙያዎቿ አንዱ ነበሩ። ከዚያ ወደ ባሕረ ሰላጤው አቀኑ፤ በ1980 ኩዌትን፣ በ1988 ሳዑዲ ዓረቢያን የእስያ ሻምፒዮን አደረጉ። በ1990 ደግሞ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስን ይዘው ጣሊያን ወረዱ፤ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፉ።

[ምስል፦ ላ ፓዝ፣ 1993]

አሁን የገዛ አገራቸው አሰልጣኝ ናቸው። ብራዚል በቦሊቪያ 2 ለ 0 ተረታች፤ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ታሪኳ የመጀመሪያ ሽንፈቷ ነበር። ደጋፊው ተቆጣ። ፓሬራ አርቀውት የነበረውን ሮማሪዮን ለመጨረሻው የማጣሪያ ጨዋታ ጠሩት፤ እሱም በሪዮው ማራካና ስታዲየም በኡራጓይ ላይ ሁለት ግብ አስቆጠረ። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ፓሳዴና ላይ፣ በዓለም ዋንጫው ፍጻሜ ጣሊያንን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈው የ24 ዓመት ጥበቃን አበቁ። ያን ቡድን ውበት የጎደለው ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። በሰባት ጨዋታ ሦስት ግብ ብቻ የተቆጠረበት ቡድን ነው፤ ለእኔ እንዲህ ያለ ጥንቃቄም ውበት አለው።

በ1998 ከሳዑዲ ጋር ዓለም ዋንጫ ተመለሱ። ፈረንሳይ 4 ለ 0 አሸነፈቻቸው፤ ሦስተኛው ጨዋታ ሳይደርስም ተባረሩ። የዓለም ሻምፒዮን አሰልጣኝ፣ በውድድሩ መሃል!

ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ነው እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው። የሪዮው ፍሉሚኔንሴ፣ በ1984 በእሳቸው እጅ የብራዚል ሻምፒዮን የሆነው ክለብ፣ ወርዶ ወርዶ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ገብቶ ነበር። ዓለምን ያሸነፈ ሰው ወደዚያ ይሄዳል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። ፓሬራ ሄዱ። በ1999 የሦስተኛውን ዲቪዚዮን ዋንጫ አነሱ።

በ2006 እንደገና ብራዚልን ይዘው ቀረቡ፤ በሩብ ፍጻሜው አሁንም ፈረንሳይ 1 ለ 0 አሸነፈቻቸው።

[ምስል፦ ብሉምፎንቴን፣ ሰኔ 22 ቀን 2010]

በባለቤታቸው ሕመም ምክንያት በ2008 የተዉትን የደቡብ አፍሪካ ቡድን መልሰው ተረክበዋል። የምድቡ የመጨረሻ ተጋጣሚ ማን ሆነ? ፈረንሳይ! ደቡብ አፍሪካ 2 ለ 1 አሸነፈች። በግብ ልዩነት ከምድቧ ብትወድቅም፣ ከ28 ዓመት በኋላ ፓሬራ በዓለም ዋንጫ ፈረንሳይን ረቱ። እጃቸውን ለፈረንሳዩ አሰልጣኝ ዶሜኔክ ዘረጉ። ዶሜኔክ ሳይጨብጧቸው ሄዱ።