የሻማ ሌንስ በእማዬ ገበቴ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ደብረ ብርሃን ውርጩ ገብቷል፤ ድምፄ ከተንቀጠቀጠ በሱ ነው።

ጣሪያችን ላይ ደህና ዲሽ አለ። እኔ ግን ከሻማ አንቴና ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። ሥራ ፈት በሉኝ።

ዲሽ ከሳተላይት የሚመጣውን ሞገድ አንጥሮ ወደ ኤልኤንቢው፣ ማለትም ፊቱ ወዳለችው መቀበያ፣ ይመልሳል። ሰም ግን ያሳልፈዋል፤ ሲያሳልፈው ፍጥነቱን ወደ ሁለት ሦስተኛ ያወርደዋል። መሐሉ ወፍራም፣ ጠርዙ ስስ ከሆነ ሞገዱ ታጥፎ አንድ ቦታ ይገናኛል። የአያቴ መነጽር በፀሐይ ሣር እንደሚያጨሰው ማለት ነው። ሞገዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚረዝም የገጹ ሻካራነት ግድ አይሰጠውም።

ለቅርጹ የእማዬን ገበቴ ወሰድኩ። 5 ኪሎ ያህል ሻማ አቅልጬ ሞላሁት። ሲረጋ መሐሉ ሰርጉዶ ተሰነጠቀ። ሰም ሲረጋ ይኮማተራላ! እንደገና አቅልጬ በስሱ፣ በየተራ አፈሰስኩ። እማዬ ብቅ ብላ አየችና «አሁን እኔ በምን ላቡካ?» አለች።

ኢትዮሳት፣ ማለትም የአገራችን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ስብስብ፣ ያለበት ሳተላይት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ከኛ ከተማ ሲታይ ከፍታው 67 ዲግሪ ያህል ነው፤ አናታችን ላይ ሊሆን ምንም አልቀረው። ስለዚህ መቀመጫው የወለቀ ወንበር በቃኝ። ሌንሱን በመቀመጫው ቦታ አጋደምኩ፣ ኤልኤንቢውን ከሥር ሽቅብ አቆምኩ። ከዚያ በጣት በጣት ዝቅ ከፍ ማድረግ ነው። 58 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ቲቪው ላይ የሞገዱን ጥራት የሚያሳየው ኳሊቲ ብልጭ አለ። ምስሉ መጣ፣ ተቆራረጠ፣ ጠፋ።

ጥፋቱ የኤልኤንቢው አፍ ነው። ለዲሽ ስለተሠራ ሰፊ ያያል፤ ግማሹ ዕይታው ከሌንሱ ውጭ ይፈሳል። ከፕላስቲክ መክተፊያ 10 ሳንቲ ሜትር የምትሆን ሹል ዘንግ ጠርቤ አፉ ላይ ሰካሁለት። ዕይታውን አጠበበችው። የዚያን ማታ ዜናውን እስከ መጨረሻው አየን፤ እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ፣ እኔ ወንበሩን እየጠበቅኩ።

ይህን ሥሩ አልላችሁም። 60 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ይበልጠዋል፣ ለፀሐይም አይለሰልስም።

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። እማዬ ከሌንሱ ጠርዝ ቆረሰች። «ክር የለውም እኮ» አልኳት። ከጋቢዋ ጫፍ መዘዘች።